ጭዱን ማወፈር ብቻ ቤት አያቀዘቅዝም

ክቡር አዘጋጅ፣

የግንቦትና የሰኔ ሙቀት በመጣ ቁጥር ስለ ቆርቆሮ ቤት የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ በጋዜጣችሁም ላይ ወጥቷል። «ከቆርቆሮው ሥር ጭድ፣ ሰጋቱራ ወይም የቡና ገለባ ሙሉበት፤ በወፈረ ቁጥር ይሻላል» ይባላል። የምክሩ የመጀመሪያ ግማሽ ትክክል ነው። «በወፈረ ቁጥር» የሚለው ግን ሰውን ለወጪ የሚዳርግ፣ ጣሪያ ላይ ያለ ጥቅም ክብደት የሚጭን፣ ሐረር ላይ ደግሞ ጭራሽ የማይሠራበት ሁኔታ ያለው ምክር ነው። ድሬዳዋም ሐረርም በየዓመቱ ብዙ ቤት በዚህ ምክር ስለሚሠራ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ጭድም ሆነ ሰጋቱራ ሙቀት የሚከለክለው በራሱ ገላ አይደለም። የሚከለክለው በመሐሉ የያዘው አየር ነው። የቆመ አየር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በሜትር በዲግሪ 0.026 ዋት ገደማ ነው፤ ጭድና ሰጋቱራ ከነአየራቸው ከ0.05 እስከ 0.07 ይሆናሉ። ይህ ቁጥር የሚሠራው ግን አየሩ ባለበት እስከቆመ ድረስ ብቻ ነው። አየሩ በፍሬዎቹ መሐል መንሸራሸር ከጀመረ ሙቀቱን ተሸክሞ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ያደርሰዋል። መሐንዲሶች ይህን ተፈጥሯዊ ኮንቬክሽን ይሉታል፤ ማራገቢያ ሳያስፈልገው፣ የሞቀው አየር ስለሚቀልና የቀዘቀዘው ስለሚከብድ ብቻ የሚነሣ ዝውውር ነው። ስለዚህ «ስንት ሴንቲሜትር?» ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት «እዚያ ውስጥ ያለው አየር ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም?» የሚለው ነው።

መልሱ በሁለት ነገር ይወሰናል፦ ሙቀቱ ከላይ ነው ከታች፤ የተሞላው ጭድ ወይም ሰጋቱራ የሚሠራው ንጣፍስ ጠፍጣፋ ነው ተዳፋት።

ንጣፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ሙቀቱ ከላይ ሲመጣ፣ ቀላሉ አየር ላይ፣ ከባዱ ታች ሆኖ ይረጋል። ምንም ዝውውር የለም። የድሬዳዋ ቀትር ከዚህ የተሻለ ሁኔታ ሊመኝ አይችልም። ንጣፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ሙቀቱ ከታች ሲሆን፣ ማለትም ሌሊት ቤቱ ሞቆ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከባዱ አየር ላይ፣ ቀላሉ ታች ይሆናል። ያኔም ቢሆን ዝውውሩ ወዲያው አይነሣም። ልዩነቱ ከአንድ መነሻ እስኪያልፍ ድረስ የፍሬዎቹ መጨናነቅ ይይዘዋል፤ ካለፈ በኋላ ግን አየሩ በየክፍሉ እየተጠቀለለ መውጣትና መውረድ ይጀምራል።

ንጣፉ ተዳፋት ሲሆን ግን መነሻ የሚባል ነገር የለም። ኮርኒሱ ከወራጁ ጋር አብሮ አዘቅዝቆ በተመታበት ቤት፣ ቀን ላይ በቆርቆሮው በኩል ያለው የጋለ አየር ተዳፋቱን ይዞ ወደ አናቱ ይወጣል፣ በኮርኒሱ በኩል ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ደግሞ ወደ ግርጌው ይወርዳል። የሙቀቱ ልዩነት አንድ ዲግሪም ይሁን ሠላሳ፣ ዝውውሩ አለ፤ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ተዳፋቱ በቆመ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል።

ይህን በቁጥር ለመያዝ የሚያገለግለው የሬይሊ-ዳርሲ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በበለጠ ቁጥር በንጣፉ ውስጥ ያለው አየር ለመዘዋወር ይቀለዋል ማለት ነው። መሠረቱ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ውሃ በአሸዋ ውስጥ ስለሚያልፍበት ሁኔታ ያሳተመው ሕግ ነው። ተመራማሪዎቹ ሆርተንና ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ላፕዉድ ደግሞ በ1948 ከታች የሚሞቅ ጠፍጣፋ ንጣፍ ዝውውር የሚጀምርበትን መነሻ አስልተው 39.5 ገደማ አገኙ። ተዳፋት ንጣፍ ከታች ሲሞቅም፣ ያለ መነሻ ከሚነሣው ዝውውር ሌላ፣ በየክፍሉ የሚጠቀለለው ዝውውር የራሱ መነሻ አለው፤ እሱም ትንሽ ከፍ ይላል፤ በ15 ዲግሪ ተዳፋት 41፣ በ30 ዲግሪ ወደ 46። የንጣፉ የላይኛው ገጽ ሳይሸፈን ለአየር ክፍት ከሆነ ግን መነሻው ወደ 27 ይወርዳል። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር አንባቢ ልብ ቢልልኝ ደስ ይለኛል፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቁጥሩ የሚያድገው በአራት ነገር ነው፦ በሙቀት ልዩነቱ፣ በንጣፉ ውፍረት፣ ንጣፉ አየር በማሳለፍ አቅሙ፣ በአየሩም ጥግግት። ውፍረት እዚህ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አስተውሉ። ንጣፉን ማወፈር ሙቀት የሚያልፍበትን መንገድ ያረዝማል፤ በዚያው ልክ ለዝውውሩ ሰፊ ሜዳ ይሰጠዋል።

ከአራቱ በጣም የሚለያየው ግን አየር የማሳለፍ አቅሙ ነው። ይህን ለመገመት የኮዜኒና የካርማን ቀመር በቂ ነው፦ የፍሬው ስፋት በራሱ ይባዛል፤ በዚያ ላይ የባዶ ቦታው ድርሻ ሦስት ጊዜ ይባዛበታል፤ የተገኘው፣ የጠጣሩ ድርሻ በራሱ ተባዝቶ በ180 ሲባዛ ለሚመጣው ይካፈላል። ፍሬው 1 ሚሊሜትር የሆነና ከመቶ 70 እጁ ባዶ ቦታ የሆነ ሰጋቱራ 0.02 ስኩዌር ሚሊሜትር ያህል ይሰጣል። ፍሬው 5 ሚሊሜትር የሆነ፣ ሳይጠቀጠቅ የተበተነና ከመቶ 80 እጁ ባዶ የሆነ የቡና ገለባ ደግሞ 1.8 ስኩዌር ሚሊሜትር። ገለባው ከሰጋቱራው ከ80 እጥፍ በላይ አየር ያሳልፋል ማለት ነው። ያንኑ ገለባ ጠቅጥቀን ባዶ ቦታውን ከ80 ወደ 70 ብናወርደው 0.5 ይደርሳል፤ በመጠቅጠቅ ብቻ ከሦስት እጥፍ በላይ ቀነሰ። ሁለቱም ሙቀት በማስተላለፍ የተቀራረቡ ስለሆኑ ገበያ ላይ «ያው ናቸው» ተብለው ይሸጣሉ። አንድ አይደሉም።

አሁን ቁጥሮቹን ሐረር ላይ እናውርዳቸው፤ ምክሩ ይበልጥ የሚሳሳተው እዚያ ነውና። ሐረር ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ይበርዳል። ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሐል የ12 ዲግሪ ልዩነት እንውሰድ። ሳይጠቀጠቅ በተበተነው ገለባ፣ ዝውውሩ የሚነሣው ንጣፉ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ በላይ ምን ይሆናል? ተመራማሪው ኤልደር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ሙከራ፣ መነሻው ካለፈ በኋላ የሚያልፈው ሙቀት በቁጥሩ ልክ እንደሚያድግ አሳይቷል፤ ቁጥሩ 80 ከሆነ ሙቀቱ ሁለት እጥፍ፣ 120 ከሆነ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ቁጥሩ ደግሞ በውፍረቱ ልክ ያድጋል። ስለዚህ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ኮንዳክሽኑ፣ ማለትም አየሩ ሳይንቀሳቀስ የሚያልፈው ሙቀት፣ በግማሽ ይቀንሳል፣ ዝውውሩ በእጥፍ ይጨምራል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ። በ6 ሴንቲሜትር በስኩዌር ሜትር 12 ዋት ይወጣል፤ በ15 ሴንቲሜትር 12 ዋት፤ በ30 ሴንቲሜትርም ያው 12 ዋት ገደማ። ከ6 ሴንቲሜትር በላይ የተገዛው፣ የተጫነውና ጣሪያ ላይ የወጣው ገለባ ሁሉ ሌሊት ምንም አይከለክልም። ከላይ ሳይሸፈን ከቀረ ደግሞ ገደቡ ወደ 4 ሴንቲሜትር ይወርዳል።

በተመሳሳይ ሌሊት 15 ሴንቲሜትር ደቃቅ ሰጋቱራ በስኩዌር ሜትር የሚያሳልፈው 5 ዋት አይሞላም። አየሩ በውስጡ አይንቀሳቀስም፤ ቁጥሩ ሁለት እንኳ አይደርስም። ማለትም 15 ሴንቲሜትር ሰጋቱራ ከ30 ሴንቲሜትር ልቅ ገለባ ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ሐረር ላይ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ነገር የምለው የለኝም።

አንድ ነገር ከፍታው ያግዘናል። አየሩ ስለሚሳሳ የዝውውሩ ቁጥር ከባሕር ወለል ላይ ከሚሰላው ያንሳል፤ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ሦስት አራተኛው ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ከውጭ የመጡ ሠንጠረዦችን እንዳሉ መገልበጥ የማይገባው ለዚህ ነው። ከላይ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ከፍታውን ያካተቱ ናቸው።

ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ዋናው ችግር ቀኑ ነው። ፀሐይ በጠነከረችበት ቀትር ያልተቀባ አሮጌ ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል። ቆርቆሮው 65፣ ኮርኒሱ 32 ዲግሪ ነው እንበል። በ20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ በልቅ ገለባ ውስጥ በቆርቆሮው ሥር የሚወጣው አየር በሰከንድ 1.5 ሴንቲሜትር ይጓዛል፣ የጉንዳን እርምጃ ያህል። በሰጋቱራ ውስጥ በሰከንድ 0.2 ሚሊሜትር አይሞላም። ዝውውሩ የቤቱን ጠቅላላ ሙቀት ብዙ አያንረውም፤ ምክንያቱም ረጅምና ስስ በሆነ ንጣፍ መሐል ላይ አየሩ ከገጹ ጋር ትይዩ ስለሚሄድ ሙቀት አሻግሮ አይሰጥም። አሻግሮ የሚሰጠው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው፤ አናቱ ላይና ግርጌው ላይ። አናቱ ላይ የጋለው አየር ታጥፎ ወደ ኮርኒሱ ይወርዳል። በተዳፋት ኮርኒስ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ እጅን ከፍ አድርጎ ኮርኒሱን ከግርጌ እስከ አናት ቢዳስሱት፣ አናቱ አጠገብ ያለው ከሁሉም የሚሞቀው በከፊል በዚህ ነው። በከፊል የምለው የክፍሉም ሙቅ አየር እዚያው ስለሚከማች ነው።

ይህን የተረዱ አንዳንድ አናጢዎች «አየሩን እንቁረጠው» ብለው ተዳፋቱን አግድም በሞራሌ በየ60 ሴንቲሜትሩ ይከፋፍሉታል። ሞራሌው ጥቅም አለው፤ ንጣፉ ወደ ግርጌ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ዝውውሩን ይቆርጣል የሚለው ግን ስሕተት ነው። ከላይ እንዳልኩት ሙቀት የሚሻገረው አየሩ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። አንዱን ረጅም ክፍል ስድስት አጭር ክፍል ማድረግ መታጠፊያውን ከሁለት ወደ ዐሥራ ሁለት ያበዛዋል። ልቅ በሆነ ንጣፍ ውስጥ ክፍፍሉ የሚያልፈውን ሙቀት እንዲያውም ሊጨምረው ይችላል። ዝውውርን የሚያቆመው የፍሬው ደቃቅነትና መጠቅጠቁ ነው፤ እንጨት አይደለም። በሰጋቱራ ውስጥ ግን ዝውውሩ ከመነሻው ኢምንት ስለሆነ ሞራሌውን ያለ ሥጋት መምታት ይቻላል።

«ልቅ ገለባ ለድሬዳዋ ይሻላል፤ ቀን ይዘጋል፣ ሌሊት ይከፍታል» የሚል ሐሳብም ይሰማል። ሐሳቡ ብልህነት አለው። እውነትም ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ልቅ ንጣፍ ውስጥ ዝውውር ተነሥቶ ሙቀት ያወጣል። ግን ምን ያህል? በ15 ሴንቲሜትር ውፍረትና በ10 ዲግሪ ልዩነት ዝውውር ባይኖር በስኩዌር ሜትር 4 ዋት ይወጣል፣ ከዝውውሩ ጋር 8። ለ50 ስኩዌር ሜትር ጣሪያ ትርፉ 200 ዋት ነው። ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት መስኮቶችን ሌሊት መክፈት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዚህች ትርፍ ብሎ የቀኑን መከላከያ ማላላት አይመከርም።

ከፍሬው ስፋትም በላይ ሥራውን የሚያበላሸው፣ ግን ማንም የማያየው፣ ክፍተት ነው። ስስ ክፍተት አየር የማሳለፍ አቅሙ ስፋቱ በራሱ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል ነው። 5 ሚሊሜትር ክፍተት 2.1 ስኩዌር ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከሰጋቱራው 100 እጥፍ። 1 ሴንቲሜትር ክፍተት 8.3፤ 400 እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ምርጡን ሰጋቱራ ሞልቶ ከላዩና ከታቹ አንዳንድ ጣት ክፍተት የተወ ሰው፣ አየሩ ሰጋቱራውን ትቶ ዙሪያውን እንዲሽከረከር መንገድ ሠርቶለታል፤ በአንዱ ክፍተት ይወጣል፣ አናቱ ላይ ይሻገራል፣ በሌላው ይወርዳል። በተለይ ሁለት ቦታ መታየት አለበት። አንደኛው የቆርቆሮው ሞገድ ነው። ሞገዱ ከአናት እስከ ግርጌ የሚወርድ ቦይ ስለሆነ፣ ንጣፉ ቆርቆሮው ድረስ ቢሞላ እንኳ በየሞገዱ ጀርባ ክፍት ቦይ ይቀራል። ሁለተኛው አናቱ ነው። ያልተጠቀጠቀ ንጣፍ በንፋስና በመኪና ንዝረት እየሰከነ ወደ ግርጌ ይንሸራተታል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አናቱ ላይ ባዶ ጉድጓድ ይተዋል፤ ቤቱ በጣም የሚሞቀውም እዚያው ነው። ሰው «ሰጋቱራው አረጀ» ይላል። አላረጀም፣ ወርዷል።

እንግዲህ እንዴት ይሠራ?

ኮርኒሱ ጠፍጣፋ ሊሆን የሚችልበት ቤት ሁሉ፣ ንጣፉ ተዳፋቱን ተከትሎ ሳይሆን በጠፍጣፋው ኮርኒስ ላይ ይደረግ። ቀን ላይ ዝውውር ጨርሶ አይነሣም፤ ንጣፉ አይንሸራተትም፤ ከላይ ያለው ባዶ የጣሪያ ክፍል ደግሞ በግርጌና በአናት ቀዳዳ ከተተወለት ትኩሱን አየር ያስወጣል። ቀዳዳዎቹ ወፍና አይጥ በማያሳልፍ የሽቦ ወንፊት ይሸፈኑ። ይህ ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚሻለው መንገድ ነው፤ ለአዲስ ቤት ሌላ ማሰብ አያስፈልግም።

ኮርኒሱ ተዳፋት ከሆነና መቀየር ካልተቻለ፣ ከቆርቆሮው ሥር 5 ሴንቲሜትር ያህል የአየር መተላለፊያ ይተው፤ ግርጌው ላይ ይከፈት፣ አናቱም ላይ ይከፈት። ይህ ክፍተት ከላይ ካማረርኩበት ክፍተት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ከንጣፉ ጋር አይገናኝም። የንጣፉ የላይኛው ገጽ አየር በማያሳልፍ ነገር መሸፈን አለበት። በስስ ኖራ ወይም በስስ ጭቃ የተቀባ አቡጀዲ በቂ ነው፤ ወፍራም ወረቀትም ይሆናል፣ መጋጠሚያው 10 ሴንቲሜትር ተደራርቦ ከተለጠፈ። የማዳበሪያ ከረጢት ብቻውን አይበቃም፤ ሽመናው አየር ያሳልፋል፣ ከጋለ ቆርቆሮ ሥርም ቶሎ ይፈረካከሳል። ያለዚህ ሽፋን በመተላለፊያው የሚሮጠው አየር ንጣፉ ውስጥ እየገባ ሥራውን ያፈርሳል፤ ሐረር ላይ ደግሞ የዝውውሩ መነሻ ከ40 ወደ 27 የሚወርደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከታች በኩል የኮርኒሱ መጋጠሚያ፣ የመብራት ቀዳዳ፣ ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ሁሉ በጄሶ ወይም በስቱኮ ይደፈን። ንጣፉ ኮርኒሱን እየነካ ይቀመጥ፤ በመሐል ምንም ክፍተት አይተው።

ሰጋቱራው ከመጫኑ በፊት በዱቄት ወንፊት ሳይሆን በአሸዋ ወንፊት ይነፋ፤ ከላይ የሚቀረው ቅርፊትና ጥቅልል ቅራፊ ይጣል። ከመላጊያ የሚወጣው ጥቅልል ቅራፊ ሲያዩት ያምራል፣ ቀላልም ነው፤ ግን ልቅ ገለባን የሚመስል አየር አሳላፊ ነው። ከዚያ ሰጋቱራው በፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ። ጥቅጥቁን ለመመዘን ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይበቃል፦ በየ5 ሴንቲሜትሩ በጣውላ እየተጫነ ተሞልቶ፣ ሰጋቱራው ብቻ ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ መመዘን አለበት። ጣሪያ ላይም በዚያው ልክ በየ5 ሴንቲሜትሩ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ መጫን ታቹን ልቅ ያስቀረዋል፤ ተዳፋት ላይ መንሸራተቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ክብደቱን ማንም ሊዘነጋው አይገባም። 10 ሴንቲሜትር የተጠቀጠቀ ሰጋቱራ በስኩዌር ሜትር 18 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለ50 ስኩዌር ሜትር ቤት 900 ኪሎ። ችፑድ ኮርኒስ ብቻውን ይህን አይሸከምም፤ በአንድ ክረምት ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ደግሞ ያ የፈራነው ክፍተት ይመጣል። ከኮርኒሱ ሥር ወይም ከላዩ ሞራሌ በየ40 ሴንቲሜትሩ ከወራጁ ጋር መመታት አለበት። ወራጁ ቀጭን ባህር ዛፍ ከሆነና መሐሉ የጎበጠ ከሆነ፣ ንጣፉ 6 ሴንቲሜትር ይሁንና ይቅር። ቀይ አሸዋ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ጠጠርና 02 የሚባለውን የኮንክሪት ጠጠር ከቆርቆሮ ሥር የሚሞሉም አሉ፤ ይህ ፈጽሞ መቆም አለበት። 15 ሴንቲሜትር ቀይ አሸዋ በስኩዌር ሜትር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ፍሬው 20 ሚሊሜትር ሲሆን ደግሞ ከሰጋቱራው 30 እጥፍ ገደማ አየር ያሳልፋል።

ፋይበር ግላስ የሚገዛ ሰው ስለ ፍሬ ስፋት መጨነቅ አይኖርበትም፤ አየር የማሳለፍ አቅሙ ከደቃቅ ሰጋቱራም ያነሰ ነው። የክፍተቱ ነገር ግን ለእሱም እኩል ይሠራል፤ አጭር ተቆርጦ ጠርዙ ከወራጁ አንድ ጣት የራቀ ጥቅል፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ ዙሪያውን ያሾልካል። ከወራጅ እስከ ወራጅ ያለው ልክ ተለክቶ 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር አስበልጦ መቁረጥ ነው።

ሐረር ላይ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ፤ እርጥበት። ወጥ የሚሠራበት፣ ብዙ ሰው የሚተኛበት ቤት አየር እርጥብ ነው። ያ አየር በኮርኒሱ ስንጥቅ ንጣፉ ውስጥ ገብቶ ዝውውሩ ወደ ቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሲያደርሰው ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ጠዋት ኮርኒሱ ላይ የሚታየው ቡናማ እድፍ ሁሉ የቆርቆሮ ቀዳዳ አይደለም፤ ሳይዘንብ የወጣ እድፍ ከሆነ መነሻው ይህ ነው፤ ቆርቆሮ መቀየር ምንም አይፈይድም። እርጥብ ጭድ ሙቀት ያስተላልፋል፣ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይጠራል። ስለዚህ ሐረር ላይ ፕላስቲክ ከንጣፉ በታች፣ በሞቀው በቤቱ በኩል፣ ይዘርጋ። ከላይ በቆርቆሮው በኩል ፕላስቲክ ማድረግ እርጥበቱን ውስጥ ይቀብረዋል፤ ቀደም ብዬ ያልኩት አቡጀዲ ወይም ወረቀት ግን እንፋሎቱን ስለሚያስወጣ ችግር የለበትም። የጀጎል ቤቶች ጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል፦ ጥቅጥቅ ያለ አፈር ስለሆነ አየር አይዘዋወርበትም፣ ክብደቱም የቀኑን ሙቀት ያዘገየዋል። አሮጌው የአፈር ጣሪያ ፈርሶ ቆርቆሮ ሲተካበት የሚጠፋው ሁለቱም ነው፤ ጭድ ብቻ መሙላት ሊመልሰው አይችልም።

የመጨረሻው ነገር እሳት ነው፤ በዚህ ላይ ቸልተኝነት አይፈቀድም። የደረቀ ሰጋቱራም ሆነ ጭድ ከጋለ የኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ሊነካካ አይገባም። በንጣፍ የተቀበረ ገመድ ሙቀቱን መልቀቅ ስለማይችል ከወትሮው በላይ ይግላል፤ ምጣድና ምድጃ የሚሸከመው ገመድ ይበልጡን። ንጣፉ ከመሞላቱ በፊት ገመዶቹ ሁሉ ከንጣፉ ውጭ፣ በቱቦ ውስጥ ይዙሩ፤ ማገናኛ ሳጥኖች ይከደኑ፤ አምፖል ከሚሰካበት ቦታ ዙሪያ 20 ሴንቲሜትር ባዶ ተትቶ በቆርቆሮ ይከለል። ከጭስ ማውጫ ዙሪያ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር በጭቃ ብቻ ይሞላ። ማድ ቤት ላይ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ጨርሶ አይሞላ፤ ጭድ የግድ ከሆነ በቀጭን ጭቃ ተለውሶ ይድረቅ። ጭቃው እሳቱን ያዘገየዋል፣ በጭዱ መሐል ያለውንም መንገድ ይሞላዋል፤ ክብደቱ ግን በ10 ሴንቲሜትር በስኩዌር ሜትር 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊደርስ ስለሚችል ወራጁ አስቀድሞ ይታይ።

ጋዜጣችሁ ምክሩን እንደገና የሚያወጣው ከሆነ፣ «በወፈረ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ወጥቶ በቦታው «ደቃቅ፣ የተጠቀጠቀ፣ ከላይና ከታች የተደፈነ፣ ከተቻለም በጠፍጣፋ ኮርኒስ ላይ» የሚለው እንዲገባ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዘንድሮ ሥራ ለመጀመር ያሰቡ አንባቢዎች ሰጋቱራውን ከመግዛታቸው በፊት ክረምቱ ቢወጣ ይሻላል፤ በነሐሴ የተጫነ ሰጋቱራ እርጥበቱን ይዞ ይወጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕንፃ ሙቀት ባለሙያ
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ